ዲፈረንሻል ዘይት ሲያፈስ፦ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት



አንድ አሮጌ መኪና ካደረበት ቦታ ሲነሳ፣ ከኋለኞቹ ጎማዎች መካከል መሬቱ ላይ የጠቆረ የዘይት ጠብታ ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙ ሰው «መኪናው አርጅቷል፣ ያፈሳል» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ወዲያው ቁልፍ አንስቶ መፍታት ይጀምራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ነገሩን ናቀ፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘይቱ ለምን እንደወጣ ሳይጠይቅ ሥራ ጀመረ። በዚህ ጽሑፍ ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ፣ ዘይቱ በየት በየት እንደሚወጣ፣ ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚጠገን በተራ እንመለከታለን። ለምሳሌ የመረጥነው በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች በሰፊው የሚታወቀውን ላንድሮቨርን ነው።

ስለ መኪናው ጥቂት

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በሆላንድ፣ አምስተርዳም ከተማ በተደረገ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የሠራው የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲሪስ ሁለት የተባለው በ1958፣ ሲሪስ ሦስት የተባለው ደግሞ በ1971 ወጣ፤ ይህ ሦስተኛው እስከ 1985 ድረስ ተመርቷል። ዛሬ በአውሮፓ እነዚህ መኪናዎች እንደ ቅርስ ይያዛሉ። በእኛ አካባቢ ግን አንዳንዶቹ አሁንም ሰውና ጭነት ያመላልሳሉ። እዚህ የምንናገረው 88 ኢንች ስለሚባለው አጭሩ ላንድሮቨር ነው። 88 ኢንች ማለት ከፊተኛው ጎማ መካከል እስከ ኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሲሆን፣ 2 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

ከመኪናው ሆድ ሥር፣ በኋለኞቹ ጎማዎች መካከል፣ እንደ ዱባ ክብ የሆነ ብረት አለ። ዲፈረንሻሉ ያለው በዚያ ውስጥ ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ፣ ማለትም ትራስሚሲዮኑ፣ የሞተሩን ኃይል እዚያ ድረስ ያደርሳል። ከዚያም ከዲፈረንሻሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚወጡ ሁለት ዘንጎች፣ ማለትም ሰሚያሴዎች፣ ኃይሉን ለጎማዎቹ ያከፋፍላሉ።

ዲፈረንሻል ሦስት ሥራዎች አሉት።

አንደኛ፣ የኃይሉን አቅጣጫ ይለውጣል። ትራስሚሲዮኑ በመኪናው ርዝመት ተዘርግቶ ሲሽከረከር፣ ሰሚያሴዎቹ ደግሞ በመኪናው ወርድ ተዘርግተው ይሽከረከራሉ። ይህን የሚያደርገው ፒኞን የተባለው ትንሽ ጥርስና ኮሮና የተባለው ትልቅ ጥርስ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ይጨምራል። በዚህ መኪና ፒኞኑ 10 ጥርስ፣ ኮሮናው 47 ጥርስ አለው። 47 ለ10 ሲካፈል 4.7 ነው። ስለዚህ ትራስሚሲዮኑ 47 ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው 10 ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስሙንም የሰጠው ሥራ ይህ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.31 ሜትር ያህል ነው። መኪናው አንድ ሙሉ ክብ ቢዞር፣ በሒሳብ እንደተማራችሁት፣ የሁለቱ ጎማዎች መንገድ ልዩነት 2 × 3.14 × 1.31 ማለትም 8.2 ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ ይህን ልዩነት ለማካካስ አንዱ መሬቱን እየፋቀ መሄድ ነበረበት።

ዘይቱ ለምን ያስፈልጋል?

በዲፈረንሻሉ ውስጥ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የለም። የኮሮናው የታችኛው ክፍል ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ይቆማል፤ ሲዞር ዘይቱን እያነሳ በፒኞኑና በኩሽኔታዎቹ ላይ ይረጨዋል። ጥርሶቹ የሚገናኙት በጣም ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ በመሆኑ ጫናው ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የሞተር ዘይት አይበቃውም። የሚገባበት ከፍተኛ ጫና የሚችል ወፍራም የጥርስ ዘይት፣ በተለምዶ 90 ቁጥር የሚባለው ነው። መጠኑም 1 ሊትር ከሦስት ሩብ ያህል ነው። ይህ ብዙ አይደለም። በቀን ጥቂት ጠብታ የሚጠፋ ከሆነና ማንም ካላየው ከወራት በኋላ ኮሮናው የሚነከርበት ዘይት ያጣል። በመጀመሪያ ከኋላ የሚያንጎራጉር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ብረቱ ይግላል፤ በመጨረሻ ጥርስ ይሰበራል።

ከዚህም የባሰ አለ። ዘይቱ ወደ ውጭ ብቻ አይፈስም። ሰሚያሴው በሚያልፍበት ቱቦ አድርጎ ወደ ጎማው ሊሄድና የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ሊገባ ይችላል። የፍሬን ሸራ ዘይት ከጠጣ መያዙን ይተዋል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ የዘይት ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

እኔ የሠራሁት ስህተት

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት፣ በክረምት ዕረፍት ጎንደር ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ባለ ላንድሮቨር መጡ። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ወርደው አዲ አርቃይ ድረስ ሰው የሚያመላልሱ ነበሩ። ዲፈረንሻሉ በፒኞኑ በኩል ያፈሳል። እኔም አላመነታሁም፤ ዘይት እንዳይወጣ የሚከላከለውን ክብ ጎማ፣ ፓራኦሊዮውን፣ ቀየርኩ። ሰውየው ከፍለው ሄዱ። በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ፤ ዘይቱ በዚያው ቦታ ይፈስሳል። «ጋሼ፣ ዕቃው ጥራት የለውም» አልኳቸውና ሌላ አስገዝቼ እንደገና ቀየርኩ።

በሦስተኛው ሲመጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ሊማሊሞን ሲወርዱ ፍሬኑ አልይዝ ብሏቸዋል። በመጀመሪያ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየያዙ፣ ሰዎቹን አስወርደው በእግር አስኪደው ነው የተረፉት። የኋላውን ታምቡር ስንፈታ ሸራው በዘይት ርሷል።

በጋራዡ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ቁልፍ አላነሱም። ተንበርክከው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ መኪና በየት ነው የሚተነፍሰው?» አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም። ከዲፈረንሻሉ ቤት አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት መተንፈሻ አሳዩኝ። ጭቃ ደርቆባታል፤ በጭቃው ላይ ደግሞ ቀለም ተቀብቷል። በሽቦ ሲነካኩት መኪናው ገና ከመንገድ መምጣቱ ነበርና «ፍስስ» የሚል ድምፅ ወጣ። ባለ መኪናው «ታዲያ ሁለት ጊዜ የከፈልኩት ለዚህች ጭቃ ነው?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

መተንፈሻው ሲዘጋ ምን ይሆናል?

ይህን በፊዚክስ ትምህርታችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። በዲፈረንሻሉ ቤት ውስጥ ከዘይቱ በላይ አየር አለ። ጠዋት ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል። መኪናው ሲሠራ ውሎ ወደ 85 ዲግሪ ቢደርስ አየሩ መስፋት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ቤቱ ብረት ነውና አይሰፋም። ስለዚህ የሚጨምረው ግፊቱ ነው። ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ስንለውጥ ከ298 ወደ 358 ይሆናል። 358 ለ298 ሲካፈል 1.2 ነው። ይህም ማለት ግፊቱ በ20 በመቶ አደገ ማለት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ሲሆን በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ 200 ግራም ያህል ተጨማሪ ግፊት ይሆናል። ፓራኦሊዮው ግን ከንፈሩን በቀጭን ስፕሪንግ ብቻ ነው የሚይዘው። የተረጨ ዘይት እንዲመልስ እንጂ ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም። ስለዚህ አዲስ ቢሆንም ዘይቱ ገፍቶት ይወጣል።

የተገላቢጦሹም አለ። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ቢገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው ከተዘጋ ባገኘው ስንጥቅ ውኃ ይስባል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታያችሁ ውኃ ገብቷል ማለት ነውና ሁሉም ተገልብጦ በአዲስ መተካት አለበት።

ዘይቱ በየት በየት ሊወጣ ይችላል?

1ኛ/ በፒኞኑ ፓራኦሊዮ፣ ትራስሚሲዮኑ ከዲፈረንሻሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፤
2ኛ/ የዲፈረንሻሉ አካል ከቤቱ ጋር በ10 ዳዶዎች በሚታሰርበት ቦታ፣ በመካከል ካለው የወረቀት ጓርኒሲዮን፤
3ኛ/ ዘይት በሚገባበትና በሚፈስበት መክደኛ ብሎን፤
4ኛ/ ከኋላ በኩል ካለው ክብ የቆርቆሮ ሽፋን፤ ይህ ዝገት ሊበሳው ወይም ድንጋይ ሊሰነጥቀው ይችላል፤
5ኛ/ በጎማው በኩል፣ ወደ ፍሬኑ ታምቡር ውስጥ።

የሚያፈስሰውን ቦታ እንዴት እንለያለን?

ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። የሚከተለውን አድርጉ።

በመጀመሪያ የዲፈረንሻሉን ቤት በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡና በጨርቅ አድርቁ። በደረቁ ብረት ላይ የጠመኔ ዱቄት በስሱ ነስንሱበት። ከጥቁር ሰሌዳ ሥር የሚጠረገው ዱቄት ለዚህ ይበቃል። ከዚያም መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ይመለስ። ዱቄቱ ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ ከፍ ብሎ የረጠበበት ቦታ የዘይቱ መውጫ ነው።

ፈሳሹንም ለዩ። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፤ ድኝ ድኝ የሚል ሽታ አለው። የፍሬን ዘይት ግን ቀጭን ነው፤ ቀለምም ይልጣል። ከካምቢዮው በኩል የመጣ ዘይትም በትራስሚሲዮኑ እየተረጨ ወደ ኋላ ሊደርስ ይችላልና የፊቱንም እዩ። ደግሞም ላብና ጠብታ አንድ አይደሉም። በአሮጌ መኪና ላይ አቧራ የያዘ ስስ እርጥበት ቢታይ መጠኑን እየተቆጣጠሩ መንዳት ይቻላል። መሬት የሚነካ ጠብታ ግን መጠገን አለበት።

ከሥራው በፊት ሕይወታችሁን ጠብቁ

በዚህ መኪና ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ትራስሚሲዮኑን ነው። ስለዚህ የኋላውን ትራስሚሲዮን ስትፈቱ የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ መኪናው ከሥሩ በተኛው ሰው ላይ ይሄዳል።

ትራስሚሲዮኑ ሳይፈታም ቢሆን አደጋው አይቀርም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ብታነሱ፣ ከላይ እንደተማራችሁት ዲፈረንሻሉ ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ እንዲዞሩ ያደርጋል፤ የተነሳው ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር መሬት የያዘው ወደ ፊት ሊዞር ይችላል። መኪናውም ከክሪኩ ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ሜዳ ምረጡ፤ በፊተኞቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር በጭራሽ አትግቡ፤ ጠንካራ ካቫሌቶ ይደገፍበት።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ሀ) መጀመሪያ የዘይት መሙያውን መክደኛ ፍቱ፤ የማፍሰሻውን አይደለም። የመሙያው ተጣብቆ እምቢ ካለ፣ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ የምትሞሉበት ታጣላችሁ።

ለ) መተንፈሻውን ፍቱና በነጭ ጋዝ እጠቡ። በውስጡ ያለችው ትንሽ ኳስ ስትነቀንቁት መንቀሳቀስ አለባት። የዘይቱንም መጠን እዩ፤ ከልክ በላይ የተሞላ ዲፈረንሻልም ያፈሳል። ችግሩ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ አስተካክላችሁ ለጥቂት ቀናት ተከታተሉ። ምናልባት ሌላ ሥራ አያስፈልግም።

ሐ) አሁንም በፒኞኑ በኩል የሚያፈስስ ከሆነ ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ አፍስሱ። ከዚያም ትራስሚሲዮኑና ፍላንጁ፣ ማለትም የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ የተገናኙበትን ቦታ ምልክት አድርጉና አራቱን ቡሎኖች ፍቱ። የዚህ መኪና ቁልፍ በኢንች ነው። ለእነዚህ የሚሆነው 9/16 ቁልፍ ነው፤ 14 ቁጥር አይገባም፣ 15 ቁጥር ደግሞ ይንሸራተትና የዳዶውን ጠርዝ ይበላል።

መ) የፒኞኑን ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት ፍላንጁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ነቅንቁ። የሚወዛወዝ ከሆነ የተበላው ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታው ሳይቀየር ፓራኦሊዮ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ሠ) ኮፒሊያውን አውጡ፤ ዳዶውን ፈትታችሁ ፍላንጁን ሳቡ። ፓራኦሊዮው የሚነካውን የፍላንጁን ገጽ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለበት አዲሱም ፓራኦሊዮ ያፈሳል። መስመሩ ትንሽ ከሆነ ገጹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ከንፈሩ ባልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ ትከሉ። መስመሩ ጥልቅ ከሆነ ፍላንጁ መቀየር አለበት።

ረ) አሮጌውን ፓራኦሊዮ ስታወጡ መቀመጫውን አትጫሩ። አዲሱ ሲገባ ስፕሪንጉ ያለበት ወገን ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ይሁን። ከንፈሩን ዘይት ቀቡት፤ ደረቅ ከገባ በመጀመሪያው ዙር ይቃጠላል። ለጥ ያለ እንጨት አድርጋችሁ ዙሪያውን በእኩል ቀስ እያላችሁ ምቱት።

ሰ) ዳዶውን በሚገባ አጥብቃችሁ አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚህ ላንድሮቨር የፒኞኑ ልክ በስስ ብረቶች የተወሰነ ስለሆነ ማጥበቁ አያዛባውም። በብዙ ሌሎች መኪናዎች ግን በመካከል የሚጨማደድ ቱቦ አለ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ያቃጥላል። በእነዚያ ላይ ዳዶውን ከመፍታት በፊት ቦታውን ምልክት ማድረግና ወደዚያው መመለስ ያስፈልጋል።

ሸ) የማፍሰሻውን መክደኛ አጥብቃችሁ ከዝጋችሁ በኋላ አዲስ ዘይት ሙሉ። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ጋር እኩል ሲሆንና መንጠባጠብ ሲጀምር በቃው። «ይትረፍ» ብሎ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ጉዳት እንጂ።

ቀ) የፍሬኑን ታምቡሮች ከፍታችሁ እዩ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ደረቀ ቢባል አትመኑ፤ ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣል። በሁለቱም ጎን መቀየር አለበት። አንዱን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ወገን ያስጎትታል።

በመጨረሻም የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አትድፉ። የምንጠጣው ውኃ ከዚያው መሬት ሥር ነው። በጀሪካን ተከድኖ ይቀመጥ።

ማጠቃለያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መኪና በሽታውን አይደብቅም፤ በጠብታው ይናገራል። ጥያቄው እኛ እንሰማዋለን ወይ የሚለው ነው። በዚያ ጋራዥ እኔ የፈለግሁት የሚፈስሰውን ቦታ መድፈን ነበር፤ አዛውንቱ የፈለጉት ምክንያቱን ነበር። ልዩነታችን የቁልፍና የመሣሪያ አልነበረም። ፓራኦሊዮ መቀየር በአንድ ቀን ይለመዳል። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ግን በየቀኑ የሚሠራበት ልማድ ነው። ከእናንተ መካከል መካኒክ የሚሆን ይኖራል፤ ነርስ ወይም አስተማሪ የሚሆንም ይኖራል። በሁሉም ሥራ፣ ችግሩ የታየበትና የተነሳበት ቦታ ለየብቻ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታውሱ።

መልመጃ

1. ትራስሚሲዮኑ 940 ጊዜ ቢዞር፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ የኋላ ጎማዎቹ ስንት ጊዜ ይዞራሉ?
2. የዲፈረንሻሉ ቤት ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅና መተንፈሻው ቢዘጋ ግፊቱ በስንት በመቶ ይጨምራል?
3. የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ላንድሮቨር አንድ የኋላ ጎማው በክሪክ ሲነሳ ለምን ሊንሸራተት እንደሚችል በራሳችሁ አባባል አስረዱ።